ማሽኑ ሳይቆም ምቱን ማሻገር

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም፤ ዓመቱን ልጥራ ብል እዋሻለሁ። በደርግ ጊዜ እንደሆነ አውቃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ውይይት ክበብ እንሰበሰብ ነበር። ጧት ጧት የደብረ ብርሃን ውርጭ የባልዲውን ውኃ በረዶ አድርጎት በመዶሻ እንሰብር ስለነበር ወሩ ጥቅምት ወይ ኅዳር ይሆናል። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ። ዓመተ ምሕረቱ ከራሴ ወጥቶ ሄዷል፤ ድምፁ ግን እስካሁን አለ።

ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ የቤቱ ጸጥታ ያስቸግረኛል። ባለቤቴ አንዳንዴ ከጓዳ ብቅ ትልና «ደግሞ ምን ታዳምጣለህ?» ትለኛለች። «ምንም» እላታለሁ። እውነቴን ነው። የማዳምጠው ነገር የለም፤ ሕመሜም እሱው ነው። ጉልበት የነበረኝን ዘመን በሙሉ የሚጮህ ነገር አጠገብ ቆሜ ነው ያሳለፍኩት።

ባለፈው ሰሞን የሰፈራችንን የውኃ ፓምፕ ሊጠግን የመጣ ባለሙያ ስልኩን እየነካካ ሞተሩን ሲያፈጥንና ሲያቀዘቅዝ አየሁት።

«ሳታጠፋው?» አልኩት።

«ለምን አጠፋዋለሁ አባባ? እየሠራ ነው የሚቀየረው።»

ዞር ብዬ ዓይኔን በጋቢዬ ጠረግሁ። ሰውየው ብርዱ መስሎት «ደብረ ብርሃን መቼም ዓይን ታስለቅሳለች» አለኝ። አዎ፣ ታስለቅሳለች አልኩት። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ያን ዕለት ነው።

ትምህርት ብዙ የለኝም። ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ሳልደግም የወጣሁ ሰው ነኝ። ሥራ የጀመርኩት ጎረቤላ ነው፤ የአልዩ አምባ ነጋዴ የሆኑ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ ሰው የናፍጣ ወፍጮ ነበራቸው፣ እዚያ ተቀጠርኩ። ደግ ሰው ነበሩ። ሞተሩን ለማስነሣት ስጎነበስ ሁልጊዜ ከኋላዬ ሆነው «ቢስሚላህ!» ይላሉ። እኔን ደግሞ፣ «አንተም በራስህ ቋንቋ ጥራው፤ ብቻ ዝም ብለህ አታስነሣው» ይሉኝ ነበር። እህሉ ሲበዛበት የሞተሩ ድምፅ እንደሚወፍር፣ ሲያንስበት እንደሚቀጥን የተማርኩት እሳቸው ዘንድ ነው። ጆሮ መሣሪያ መሆኑን ያኔ አወቅሁ። እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች «ተክሌ ከወፍጮው ጋር ያወራል» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር።

ኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። በቤታቸው የበግ ጠጉር ይፈትሉ፣ ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው አንድ ትልቅ አዳራሽ ተሰጥቷቸው ነበር። ጠጉሩ ከመዘዞና ከሰላ ድንጋይ በጆንያ ይመጣል፤ አዳራሹ ዓመቱን ሙሉ በግ በግ ይሸታል። መንግሥት ለማኅበሩ ከውጭ አገር የመጣ የፈትል ማሽን ሰጠ። እንዝርቶቹ እንደ ወታደር ተሰልፈው በአንድ ሞተር የሚሾሩ፣ ክሩን እያጠነጠኑ የሚሞሉ ናቸው። እኔ ለማሽኑ ጠባቂና ዘይት አጠጪ ተብዬ ገባሁ። ደመወዙን አላነሣም፤ ያነሣሁት እንደሆነ ባለቤቴ ዛሬም ትሥቃለች።

የማሽኑ አለቃ ጋሽ ደምሰው ነበሩ።

ጋሽ ደምሰው የአንኮበር ሰው ናቸው። አባታቸው የደብር መሪጌታ ነበሩ። እሳቸው ከቤተ ክህነቱ ግቢ ወጥተው ቴክኒክ ተማሩ፤ ኋላም ውጭ አገር ተልከው የኤሌክትሪክ ሙያ ይዘው ተመለሱ። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ የማያቸው ሥራ ሊጀምሩ ሲሰናዱ ነው። የኤሌክትሪክ ሳጥን ከመክፈታቸው በፊት ሰዓታቸውን ያወልቃሉ፣ የጋብቻ ቀለበታቸውን ያወልቃሉ፣ ሁለቱንም በመሐረብ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ያስገባሉ። ከዚያ የሳጥኑን ቆርቆሮ በእጃቸው ጀርባ ዳሰስ ያደርጋሉ። በመዳፋቸው ነክተውት አያውቁም።

«ለምን በጀርባ?» አልኳቸው መጀመሪያ ሰሞን።

«ኤሌክትሪክ ያገኘው እጅ ይጨበጣል። መዳፍህን ከሰጠኸው ጨብጠኸው ትቀራለህ። ጀርባህን ከሰጠኸው ራሱ ይወረውርሃል።»

ማሽኑ ሲያጉረመርም ወደ መፍቻ አይሮጡም። የጠጉር ጆንያ ላይ ቁጭ ይሉና ከኪሳቸው ባቄላ ቆሎ አውጥተው ቀስ እያሉ ይቆረጥማሉ። እኔ እጄን ሲበላኝ ያዩና «ቁጭ በል ተክሌ። ገና አልጨረሰም» ይሉኛል። ማሽኑ ማለታቸው ነው። የሚናገር ሰው ሳይጨርስ እንደማይቋረጥ ሁሉ ማሽንም ሳይጨርስ አይቋረጥም ባይ ነበሩ።

ከማሽኑ ጋር አብሮ የመጣ አንድ ሳጥን ነበረ። ለሞተሩ ኃይል የሚመጥነው እሱ ነው። ወገባችን የሚደርስ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ፊቱ ላይ ሁለት ማዞሪያ ያለው። አንድ ቀን ሳጥኑን ከፍተው አሳዩኝ።

«ይህ ሳጥን ኃይሉን እንደ ውኃ አያፈስም» አሉኝ። «ይቆራርጠዋል። ይሰጣል፣ ይነሣል፤ ይሰጣል፣ ይነሣል። ቶሎ ቶሎ ስለሆነ ሞተሩ ሳይቋረጥ የሚሰጡት ይመስለዋል።»

«ይታለላል በሉኛ!»

«ይታለላል። አንተስ በወር አንድ ቀን እየከፈሉህ ወሩን ሙሉ የበላህ አይመስልህም?»

ከዚያ ማዞሪያዎቹን አሳዩኝ። የቀኙን «ምት» ብለው ነበር የሚጠሩት፤ መስጠትና መንሣቱ ምን ያህል ቶሎ ቶሎ እንደሚመላለስ የሚወስን ነው። የግራውን «ሙላት» ይሉታል፤ በእያንዳንዱ ምት ውስጥ ምን ያህሉ መስጠት እንደሚሆን እሱ ይወስናል። ሳጥኑ ውስጥ በግራና በቀኝ እግር የተደረደረላት ጥቁር ነገር አለች። አባ ጨጓሬ ትመስላለች።

«እሷ ቆጣሪዋ ናት» አሉኝ። «የሰጠናትን ቁጥር ትቆጥራለች፤ ስትደርስ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። አንድ ምት ማለት አንድ ዙር ቆጠራ ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እስከ አሥር ቁጠር ብዬህ፣ ስምንት ላይ ስትደርስ ‹ተወው፣ ስድስት ላይ ቁም› ብልህ የት ትቆማለህ?»

አሰብኩ፤ አሰብኩ። «ስድስትን አልፌዋለሁ።»

«አልፈኸዋል። አንተ ሰው ስለሆንክ ግራ ተጋብተህ ትቆማለህ። እሷ ግን ስድስትን እየፈለገች ዝም ብላ ቆጠራዋን ትቀጥላለች። በዚያች ጊዜ ሞተሩን አንድ ረጅም ግፊት ይገፋዋል። ክሩ ደግሞ ያን አይችልም።»

ለዚህ ነው ሳጥኑን የሠሩት ሰዎች «ምቱን ስትቀይሩ መጀመሪያ አጥፉት» ብለው የጻፉበት። ማጥፋቱ ግን ለእኛ ሌላ ጣጣ ነው። የፈትል ማሽን በሙሉ ሥራው መሐል ቀጥ ካለ ክሩ ሁሉ ይላላል፣ ይጠማዘዛል፣ እየተቆላለፈ ይበጠሳል። ከዚያ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ሲቀጥሉ ይውላሉ።

እዚህ ላይ እማዋይሽን ላስተዋውቃችሁ። ማሽኑ ላይ ቆማ ክር የምትቀጥለው እሷ ነበረች። ከሰላ ድንጋይ የመጣች፣ ባሏ ጦር ግንባር የሄደባት፣ ትንንሽ ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ምላሷ የሚፋጅ ነው። ጣቶቿ ግን! የተበጠሰውን ጫፍ ስትይዘው አይታይም፤ ጠቅ ታደርገዋለች፣ አለቀ፣ ክሩ ይሄዳል።

ማሽኑ መጀመሪያ ሰሞን ደኅና ሠራ። ኋላ አንድ አመል አመጣ። ማጠንጠኛዎቹ ባዶ ሳሉ ጸጥ ብሎ ይሠራል፤ እየሞሉ ሲመጡ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ክሩም ትስ ትስ እያለ ይበጠሳል። የሚበጠሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከሰዓት ነው፤ ከሰዓት የእማዋይሽ ተራ ነው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ከላይ ተመድቦ የመጣ ሰው ነበር። ካኪ ለባሽ፣ ፊቱ የማይፈታ፣ እርሳስ ከጆሮው የማይለይ። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሁላችንም «ጓድ ሊቀመንበር» ነው የምንለው። አንዲት ሴት ማሽኑ ሲነሣ አማትባ ቢያያት፣ «ጓድ፣ ይህን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ነው ወይስ መልአክ?» አላት። ከዚያ በኋላ ሰው የሚያማትበው በሆዱ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ በስብሰባው ላይ ከቁጥጥር ኮሚቴው አንዱ ተነሣና «ክሩ በአንድ ሰው ተራ ብቻ የሚበጠስበት ምክንያት ይጣራ። ይህ አሻጥር ነው» አለ።

ያን ዘመን ያልኖራችሁ ያቺን ቃል ላታውቋት ትችላላችሁ። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ለምሳ ቤቱ እመለሳለሁ ብሎ አይወጣም። እማዋይሽ ብቻ ብድግ አለች።

«እኔ ክር ልበጥስ? ስቀጥል ጥፍሬ አልቆ! ኑ እዩት፣ ጥፍሬን እዩት!»

«ጓድ እማዋይሽ፣ ይቀመጡ» አለ ሊቀመንበሩ።

«መቀመጥማ መቼ አገኘሁና!»

ሰው ሊሥቅ ፈልጎ ዋጠው። ሊቀመንበሩ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ አንድ ነገር ጻፈና ጉዳዩ ይጣራል አለ።

ጋሽ ደምሰው ሰኞ ሥራ የገባን ጊዜ ጆንያቸው ላይ ተቀመጡ። ቆሎውም አለቀ፣ እሳቸው ግን አልተነሡም። ማጠንጠኛዎቹ መሙላት ሲጀምሩ ጠሩኝና መዳፌን የማሽኑ እግር ላይ አስቀመጡልኝ።

«ምን ይላል?»

«ያብጣል፣ ይከሳል» አልኩ። እንደዚያ ነበር። እምምም ብሎ ያብጥና መልሶ ይከሳል፤ ደግሞ ያብጣል።

«ጎበዝ። ይህ ማሽን የራሱ መንቀጥቀጥ አለው። ባዶ ሲሆን ፈጣን ነው፣ ሲሞላ ይከብደውና ይዘገያል። ሲዘገይ ከሳጥኑ ምት ጋር ይገጣጠማል። ሁለቱ ሲገጥሙ ነው ክሩ የሚያልቀው። እማዋይሽ ምን አደረገች?»

«ታዲያ ከጧት ጀምሮ ምቱን ብናፈጥነውስ?»

«ያን ጊዜ ደግሞ ባዶው ላይ ይገጥማል። በባዶው ጊዜ ዝግ ያለ፣ ሲሞላ የፈጠነ ምት ነው የሚፈልገው። ሳይቆም መሻገር አለበት።»

አሻገሩትም። ሁለት እጃቸውን በሁለቱ ማዞሪያ ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ድምፁ በከሳ ቁጥር ቀኙንም ግራውንም እኩል ትንሽ ትንሽ እያዞሩ። ጥቂት በጥቂት ከሆነ ቆጣሪዋ ቁጥሯን አልፋው የመገኘቷ ዕድል ጠባብ ነው፤ ብታልፈውም ድምፁ በከሳበት ስለሆነ ግፊቱ አይጎዳም። ሁለቱን እኩል ማዞራቸውም ምክንያት አለው። ምቱ ሲያጥር መስጠቱ እንደ ድሮው ከቀረ፣ ያው መስጠት በአጭር ምት ውስጥ ሲገባ ይበዛና ሞተሩ ይፈረጥጣል። በእሳቸው እጅ የተሻገረው ማሽን አንድ ክር ሳይበጥስ ሞላ። እማዋይሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር።

«ጋሽ ደምሰው፣ ሥራ ፈት አደረጉኝ እኮ!»

በዚያው ሰሞን የአንኮበር ደብር ሲነግሥ አብሬያቸው ወረድኩ። በጭነት መኪና ጠጉር ላይ ተቀምጠን፣ ጎረቤላን አልፈን፣ ከታች የሚወጣው ጉም ፊታችንን እያራሰው። ለማኅበሩ የነገርነው ዘመድ ታሞብናል ብለን ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዳር ቆመን ጉሙ መቋሚያውንም ከበሮውንም ሸፍኖት ድምፁን ብቻ እንሰማለን። ከበሮ የሚመቱት አባታቸው ነበሩ፤ ሸምግለዋል።

«አዳምጥ» አሉኝ ጋሽ ደምሰው። «አሁን መረግድ ላይ፣ ዝግ ባለው ምት ላይ ናቸው። ወደ ጽፋቱ፣ ወደ ፈጣኑ ምት ይሻገራሉ። የት ላይ እንዳፈጠኑ ያዝልኝ።»

ጆሮዬን ጣልኩ። ዝግ ብሎ የነበረው ምት ሲፈጥን አገኘሁት፤ የት ላይ እንደፈጠነ ግን አልያዝኩም።

«አልያዝኩም።»

«አትይዘውም። ዙሩን ሳይጨርሱ አያፈጥኑማ። መቺው እጁን ሲያነሣ ባዶ የምትሆን ቅጽበት አለች። እዚያች ላይ ትንሽ ይጨምራል። ቀጥሎም ትንሽ። በምቱ መሐል የቸኮለ እንደሆነ ዘማሪው ሁሉ ይደናቀፋል። እኔ ያን ሳጥን ውጭ አገር አይደለም የተማርኩት፤ እዚህ ነው።» ከዚያ ዘወር ብለው አዩኝና «ይህንን ውይይት ክበብ ላይ እንዳታነሣ ደግሞ» አሉኝ፤ ሣቅን።

ያቺ ቀን ትናፍቀኛለች። ብዙ ነገር ይናፍቀኛል፤ እሷን ያህል ግን የለም። ከጉሙ ውስጥ የሚመጣው ከበሮና የእሳቸው ትከሻ ከትከሻዬ አጠገብ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ደምሰው ወደ ኮምቦልቻ ተዛወሩ። ያን ጊዜ ዝውውር እንደ ዝናብ ነው፤ ከላይ ይመጣል፣ ለምን አይባልም። ሰዓታቸውንና ቀለበታቸውን በመሐረባቸው እንደጠቀለሉ አውቶቡስ ሲሳፈሩ «ገና ሳይጨርስ አትንካው» ብቻ ነው ያሉኝ። ከዚያ ወዲህ ምቱን የማሻግረው እኔ ሆንኩ። የማሻግረውም አንዳንዴ ነው፤ ሲሳካልኝ ይሞላል፣ ሳይሳካልኝ ክሩ ይበጣጠሳል። ቁጥጥር ኮሚቴው ደግሞ የተበጠሰውን ይዞ መጣ፤ እኔም ጥፋቱ የማሽኑ ነው፣ ሳይቆም ይስተካከላል ብዬ ቃሌን ሰጠሁ።

ሊቀመንበሩ ኮሚቴውን ይዞ አዳራሹ ገባ። ተራው የእማዋይሽ ነበር። እሷን በማሽኑ በአንድ ወገን፣ እኔን በሳጥኑ አጠገብ አቆመን።

«ጓድ ተክሌ፣ ጥፋቱ የማሽኑ ነው ብለሃል። ሳይቆም ይስተካከላል ብለሃል። አሳየን» አለኝ። «ካልሆነ ጉዳዩ ወደ ጣቢያ ይሄዳል።»

እማዋይሽ ከወዲያ ሆና አየችኝ። የምትቀልድበት ፊቷ አልነበረም። ልጆቿን ለጎረቤት ሰጥታ እንደመጣች ኋላ ነው የሰማሁት።

ማጠንጠኛዎቹ እየሞሉ መጡ። ማሽኑ ማበጥ ጀመረ። እጆቼን በሁለቱ ማዞሪያዎች ላይ አደረግሁ። የሰዎቹ ትንፋሽ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። ቀኝ እጄ ዞረ። ግራው ቀረ።

ሞተሩ ፈረጠጠ። አዳራሹ በአንድ ፉጨት ተሞላ፤ ከዚያ ክሩ ሁሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ ሸረሪት ድር ብትንትን አለ። ሮጬ አጠፋሁት። በዚያ ጸጥታ ውስጥ እማዋይሽ የተበጠሱ ጫፎች በእጇ ይዛ ቆማለች።

«አያችሁት?» አለ የቁጥጥር ኮሚቴው ሰው። «ሁለቱ ተመካክረዋል።»

ያን ጊዜ ጋሽ ደምሰው ምን ያህል እንደራቁ ተሰማኝ፤ ኮምቦልቻ የዓለም ጫፍ ሆነችብኝ።

«ነገ ጧት ክሩ ተቀጥሎ ይጀመር» አለ ሊቀመንበሩ። «አንድ ጊዜ እናያለን። አንድ ጊዜ ብቻ።»

እማዋይሽ የቀረውን ቀን ስትቀጥል ዋለች፤ እኔም ጫፍ ጫፉን እያቀበልኳት። ልትሰድበኝ ትችል ነበር፤ አልሰደበችኝም። ልንወጣ ስንል ብቻ፣ «ተክልዬ፣ ነገ ሁለት እጅ ይዘህ ና። ዛሬ አንዱን ቤት ረስተኸው መጥተሃል» አለችኝ።

በማግሥቱ ማሽኑ ተነሣ። ኮሚቴው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ለብቻው ጠረጴዛ አጠገብ፣ ከእኔ ፊት ለፊት። ስንጠብቅ ቆየን። ማጠንጠኛዎቹ ወፈሩ። ማሽኑ እምምም አለ። እኔ ግን አልሰማሁትም። ልቤ በጆሮዬ ውስጥ ይደልቃል፤ የልቤን ምት ከማሽኑ ምት መለየት አቃተኝ። የቱ ላይ እንዳበጠ፣ የቱ ላይ እንደከሳ ጠፋኝ። የመጀመሪያዋ ክር ተበጠሰች። እማዋይሽ ቀጠለቻት። ሌላዋ ተበጠሰች።

ዓይኔን የማሳርፍበት ፈልጌ ቀና ስል የሊቀመንበሩን እርሳስ አየሁ።

ጠረጴዛው ላይ ይመታል። ቀስ ብሎ፣ አንድ ከባድ፣ ከዚያ ወደ ላይ፤ አንድ ከባድ፣ ከዚያ ወደ ላይ። የማሽኑ እብጠት ላይ ይወርዳል፤ ክሳቱ ላይ ይነሣል። ሰውየው ግን እርሳሱን አያይም። ዓይኑ ከእኔ ላይ ነው። ያ አመታት ከየት እንደመጣ አወቅሁት። አንኮበር ጉሙ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። መረግድ ነበር።

እርሳሱ ተነሣ፤ ሁለቱንም ማዞሪያ ትንሽ ነካሁ። ክሩ አልተበጠሰም። እርሳሱ ወረደ፤ ጠበቅሁ። ተነሣ፤ ትንሽ ነካሁ። አሁን ማሽኑ ማበጥ መክሳቱን አፈጠነ፤ ሳጥኑና ማሽኑ እየተለያዩ ነው ማለት ነው። እርሳሱም አፈጠነ። የሰውየው ትከሻ፣ ያ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ የሚታወቀው ትከሻ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አለ። እየፈጠነ፣ እየፈጠነ መጥቶ ጽፋት ሆነ። ከዚያ እብጠቱም ክሳቱም አንድ ላይ ተዋሃዱና ጠፉ። ማሽኑ ለስልሶ ቀረ። እንደ ሐር።

ማጠንጠኛዎቹ ሞሉ። እማዋይሽ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች፤ የምትቀጥለው አጥታ።

ሊቀመንበሩ እርሳሱን እንዳየው ያየሁት ያኔ ነው። የሌላ ሰው እጅ ያየ መሰለ። ከዚያ ጆሮው ላይ ሰካው።

«ጉዳዩ የማሽን ነው» አለ። «ተዘግቷል። ጓዶች፣ ወደ ሥራ።»

ሰዎቹ ሲወጡ እማዋይሽ ተጠጋችኝ።

«እርሳሱን አየኸው?»

«አየሁት።»

«ያ ሰውዬ ደብተራ ነው!»

«ዝም በይ እማዋይሽ፣ አፍሽን ያዢ!»

«እይዛለሁ። ዛሬስ ምን ቆርጦኝ!» አለችና እየሣቀች አለቀሰች። ሲመሽ ልጆቿን ከጎረቤት ወሰደች።

በሌላ ቀን መንገድ ላይ ብቻውን አገኘሁት። ምስጋና ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ጓድ ተክሌ፣ ያን ዕለት ምን አየህ?»

«ምንም አላየሁም ጓድ ሊቀመንበር።»

«ጥሩ።» አለፈኝ። ጥቂት ከሄደ በኋላ ሳይዞር፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሦስተኛዋ ላይ ግን ቸኩለሃል» አለኝ።

ጋሽ ደምሰውን ሁለተኛ አላየኋቸውም። መርዷቸው ከኮምቦልቻ ሲመጣ ከተቀበሩ ሰንብተው ነበር። እማዋይሽ መዘዞ ልጇ ዘንድ ናት፤ ባሏም ደኅና ገብቶላት አብረው አርጅተዋል። ሳገኛት ጆሮዋ አይሰማም፤ ምላሷ ግን እንዳለ ነው። ማሽኑ ብረቱ እንኳ የት እንደገባ አላውቅም። ድምፁ የሚናፍቀኝ እኔን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ደርግ ሲወድቅ ሊቀመንበሩ ከከተማው ሄደ። አንዱ ታሰረ ይላል፣ ሌላው ገዳም ገባ ይላል። ስለ እሱ ክፉ የሚናገሩ አሉ፤ ምክንያት ይኖራቸዋል፣ አልከራከርም። በሕይወት ካለ ይህንን ያነብ እንደሆን ብዬ ነው እንጂ ለእኔ መጻፍ ሥራዬ አይደለም። ሰው በማዕረጉ ብቻ ይጠራው ነበርና ስሙን ሙሉውን ከሚያውቁት ጥቂቶች አንዱ እኔ ነኝ፤ እማዋይሽንና እኔን ያን ዕለት ያሻገረን ሰው ሀብተ ሥላሴ ወንድይፍራው ይባላል።